በብልባላ ሜዳ ሰውነት ስናሟሙቅ

«ወገብህን ምን ሆነህ ነው?» ይሉኛል፣ ከወንበር ስነሳ እንደ አሮጌ መዝጊያ ሲጢጥ ማለቴን የሚሰሙ ሰዎች።

«በጎልፍ ነው» እላለሁ።

«ጎልፍ ስትጫወት?»

«የለም። ከመጫወቴ በፊት ሰውነቴን ሳሟሙቅ።»

ከዚህ በኋላ የሚከተለውን ሳቅ ለምጄዋለሁ። ከበቅሎ ወድቆ ወገቡን የተሰበረ ሰው ማዕረግ አለው፤ በቅሎ ነበረችው ማለት ነው። ከጥድ ላይ የወደቀም «እድሉ ነው» ተብሎ ይታዘንለታል። በጎልፍ ወገቡ የተያዘ ላስቴ ግን አልቃሽ የለውም። እኔስ አልቃሽ ነበረኝ፤ እሱን እደርስበታለሁ።

ዘመኑ ላሊበላ ላይ ሆቴል እንደ እንጉዳይ የሚፈላበት ነበር። ትናንት በግ ታስሮበት የነበረ ገደል አፋፍ ላይ ዛሬ በረንዳ ይሠራል፤ በረንዳው ላይ ፈረንጅ ተቀምጦ የጀንበርን መጥለቅ ያያል። እኔም ከእነዚያ ሆቴሎች በአንዱ የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ሲባል አትደንግጡ። ሥራዬ ቁልፍ መስጠት፣ ቁልፍ መቀበልና ውኃ ለምን እንደጠፋ ማስረዳት ነበር። የመጨረሻውን በበርካታ ቋንቋ እችለዋለሁ።

የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ መስፍን ኑሯቸው አዲስ አበባ ነው። በየጥቂት ወሩ ብቅ ይላሉ። ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ ሐሳብ ይዘው ነው። አንድ ጊዜ «አስተናጋጅ ሁሉ በፈረንሳይኛ እንደምን አደሩ ይበል» ብለው አዘዙ። አልን። ፈረንሳዮቹ በእንግሊዝኛ ሲመልሱልን ጊዜ ተውነው። ሌላ ጊዜ ለዘበኛው ሳይቀር የደንበኛ አያያዝ ስልጠና አመጡልን። ያኔ ያለ ስልጠና የሚሠራ ነገር የት ነበርና! ዘበኛችን አባ ይመር ከዚያ ስልጠና በኋላ፣ ሌባ አጥር ዘሎ ቢገባ እንኳ «እንኳን ደህና መጡ፣ ምን ልታዘዝ?» ሳይሉ የሚያሳልፉት አይመስለኝም።

በዚያ ዓመት፣ ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ፣ ጋሽ መስፍን ረጅም የቆዳ ከረጢት አስጭነው መጡ። አባ ይመር ከመኪናው ሲያወርዱት በከረጢቱ አፍ በኩል ብቅ ብቅ ያሉ ዘንጎች አዩ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እሰይ የኔ ጌታ! ለቤተ ክርስቲያን መቋሚያ አመጡ!»

«መቋሚያ አይደለም፣ አባ ይመር» አሉ ጋሽ መስፍን። «የጎልፍ ዱላ ነው። ኳስ ይመቱበታል።»

አባ ይመር ዘንጎቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። «አንዲት ኳስ ምን ብታጠፋ ነው ይሄ ሁሉ ዱላ?»

የጋሽ መስፍን ሐሳብ ይህ ነበር፦ እንግዳ ይመጣል፣ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ያያል፣ ነአኩቶ ለአብ ደርሶ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ውኃው ያስባል። ውኃውን እንዳያስብ ጎልፍ እናጫውተው። ለገና የሚመጣው እንግዳ ከመድረሱ በፊት ሜዳው ይሞከር። ለዚህም አዲስ የስፖርትና መዝናኛ ክፍል ይቋቋማል፤ ክፍሉም ኃላፊ ያስፈልገዋል።

ለኃላፊነቱ ሁለት ሰዎች ታጨን። አንዱ የምግብና መጠጥ ኃላፊው ዘነበ ነው። ዘነበ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ወገቡ እንደ አርጩሜ የሚተጣጠፍ ሰው ነው። ሁለተኛው እኔ ነኝ። የእኔ ወገብ በሆዴ በኩል ስለሚሸፈን ይተጣጠፍ አይተጣጠፍ እስከዚያ ቀን ድረስ ተጣርቶ አያውቅም።

ሹመቱን ለምን እንደፈለግሁት ልንገራችሁ። ነገሩ ከአማቴ ጋር የተያያዘ ነው። አማቴ እማማ ትርንጎ ብልባላ አጠገብ ይኖራሉ፤ እህል ዘርተው፣ ከብት አርብተው፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከእኔ ሌላ ሁለት አማቾች አሏቸው። አንዱ ቄስ ነው፤ ሲመጣ መስቀሉን ይሳለማሉ። ሌላው በሬ ጠምዶ አገር የሚገለብጥ ገበሬ ነው፤ ሲመጣ «ጎበዜ» ይሉታል። እኔ ስመጣ ከራስ እስከ እግሬ ይመለከቱኝና፣ «ዛሬም ቁልፍ ትሰጣለህ?» ይሉኛል።

«አዎ፣ እማማ።»

«በርታ» ይላሉ። ያቺን «በርታ» የሚሏት ለእንቅርት በሽተኛ «ይማርህ» በሚባልበት ድምፅ ነው። ባለቤቴ የሺ «እናቴ እንደሱ ናት፣ አትቀየማት» ትለኛለች። አልቀየማቸውም። ግን አንድ ቀን ሄጄ «እማማ፣ ቁልፍ መስጠት ተውኩ» ብላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ለሙከራ የተመረጠው ሜዳ ከብልባላ አለፍ ብሎ ያለው የግጦሽ መስክ ሆነ። ጋሽ መስፍን፣ ዘነበና እኔ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ለማስፈቀድ ሄድን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገሩን በጥሞና ካዳመጡ በኋላ ጠየቁ።

«እንደ ገና ጨዋታ ነው?»

«ይመሳሰላል» አሉ ጋሽ መስፍን። «ብቻ እዚህ ሁሉም የየራሱን ኳስ ነው የሚመታው።»

«ታዲያ ማን ይቀማዋል?»

«ማንም አይቀማውም።»

«የሚያባርረውስ?»

«ማንም አያባርረውም። መትቶ፣ በእግሩ ሄዶ፣ እንደገና ይመታዋል።»

ሽማግሌው ጓደኞቻቸውን ተመለከቱ። «ብቻውን መትቶ ብቻውን የሚያመጣ ከሆነ፣ ምስኪን፣ ይጫወት» አሉ። በዚህ ሁኔታ፣ ለአንድ ጠዋት፣ ሣሩን እንዳንጎዳ ተነግሮን ተፈቀደልን።

የተፈቀደልን ጠዋት የብልባላ ገበያ ቀን ነበር። ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። በማለዳ ከላሊበላ ተነሥተን ስንደርስ ሜዳው ላይ የወረደው ውርጭ ገና አልቀለጠም፤ ሣሩ ስንረግጠው ቅርጭጭ ይላል። መኪናዋ ጅረቱን መሻገር ስላልቻለች ከወዲያ ማዶ አቁመናት በእግራችን ተሻገርን። እኔ ጋቢዬን ደርቤ፣ ጾመኛ ሆዴን አቅፌ ቆምኩ። ጋሽ መስፍን ከረጢታቸውን ከፈቱና ለዘነበና ለእኔ ልብስ ሰጡን። ነጭ ጫማ። ነጭ ኮፍያ። ነጭ ካናቴራ። እና ቁምጣ።

«ጋሽ መስፍን» አልኩ ቁምጣውን እያገላበጥኩ፣ «ይሄ አገር የአማቴ አገር ነው።»

«እና?»

«አማች በቁምጣ አይታይም።»

«አማትህ ጎልፍ ሜዳ ምን ልታደርግ ትመጣለች?»

እውነታቸውን ነው ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ዘነበ ለብሶ ጨርሶ ነበር። የሠርጌ ቀን እንኳ ያልታየው ጉልበቴ ብልባላ ሜዳ ላይ ብርድ መታው። ጋቢዬን ደረብኩበት፤ ጋሽ መስፍን አስወለቁኝ።

«አሁን እንጫወታለን?» አልኳቸው፣ ቶሎ ጀምረን ቶሎ ሱሪዬን እንድለብስ።

ደነገጡ። «ሳይሟሟቁ? ሰውነትን ሳያሟሙቁ ዱላ ማንሳት ሞትን በስሙ መጥራት ነው! ስንት ሰው ወገቡን የሚቀጨው ሳያሟሙቅ ስለሚጫወት ነው!»

ይህን ንግግር እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ይገርመኛል።

ፊት ለፊታችን ቆሙና ማዘዝ ጀመሩ። «አንገት!» አንገታችንን አዞርን። «ትከሻ!» ትከሻችንን ሰበቅን፤ በዚህስ ወሎዬ ነኝና ማንም አይበልጠኝም፤ ዘነበን እንኳ አስከነዳሁት። «እጅ ወደ ሰማይ!» ሁለት እጃችንን ወደ ላይ ዘረጋን። «አሁን ጎንበስ! የእግር ጣት ንኩ!» ዘነበ በመዳፉ ሣሩን ዳበሰ። የእኔ እጅ ጉልበቴ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ በታች ያለውን አገር ካየሁትም ቆይቻለሁ። «ቀና! እጅ ወደ ሰማይ! ጎንበስ! ዝለሉ! ደም ይዙር፣ ጭናችሁን ምቱ! ደረታችሁን ምቱ! ዝለሉ!»

ዘለልን። ጭናችንን ጠፈጠፍን። ደረታችንን ደቃን። በየመሀሉ እጃችንን ወደ ሰማይ እያነሳን «እህ! እህ!» እንድንል ታዘዝን፤ ትንፋሽ ለማውጣት ይጠቅማል ተባለ። ጋሽ መስፍን ከሁለታችን በላይ ይዘላሉ። ሜዳው ገላጣ ነው፤ የገበያው መንገድ ደግሞ ከላይ በጋራው ወገብ ነው የሚያልፈው። ከዚያ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ምን እንመስል እንደነበር ያኔ አላሰብኩም። ስዘል ማሰብ አልችልም።

በዚህ መሀል መምሬ ካሳ ደረሱ። መምሬ ካሳ የአማቴ የነፍስ አባት ናቸው፤ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ጀምረው በሜዳው ሲያቋርጡ ነው ያገኙን። ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ቆመው ተመለከቱን። ጎንበስ፣ ቀና። ጎንበስ፣ ቀና። ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ ጠጋ አሉና ሌላው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ንስሐ ነው?»

«አይደለም፣ አባቴ። ሰውነት እያሟሟቅን ነው።»

«ለምኑ?»

«ለጨዋታ።»

«ከጨዋታው በፊት እንዲህ ከሆናችሁ ጨዋታው ሲመጣ እንዴት ልትሆኑ ነው?» ጉልበቴን አዩና ዓይናቸውን ወደ ጋራው መለሱ። «እኔስ ስግደት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለማንኛውም በጾም ሆድ አታብዙት።» ባርከውን መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«የመጨረሻዋን!» አሉ ጋሽ መስፍን።

የመጨረሻዋ እንዲህ ናት፦ አንዱን የጎልፍ ዱላ እንደ ቀንበር በትከሻ ላይ ያጋድሙታል፤ ሁለት እጅ ላዩ ላይ ይጠመጠማል፤ ከዚያ እግር ሳይነቃነቅ ከወገብ በላይ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መዞር ነው። ዘነበ ሲዞር አፍንጫው ወደ መጣንበት መንገድ ዞረ። ጋሽ መስፍን «ግሩም!» አሉት። ወደ እኔ ደግሞ ዘወር ብለው፣ «አንተ ግን እንደ ግንድ አትቁም፣ ዙር እንጂ!» አሉኝ።

እኔም «በርታ» የምትለውን የአማቴን ድምፅ አሰብኩ። ዞርኩ።

ከወገቤ ውስጥ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ዘነበም እንደሰማው በኋላ ነግሮኛል። እንደተጠማዘዝኩ በጎኔ ወደቅኩ፤ ጉልበቴ ወደ ሆዴ ተሰብስቦ እዚያው ቀረ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ለመጮህም ወገብ ያስፈልጋል ለካ። ትንፋሼ ሳይቀር ሲገባና ሲወጣ እንደ ጦር ይወጋኝ ጀመር።

«አትንቀሳቀስ!» ጮሁ ጋሽ መስፍን። «ጡንቻህ እንዳይቀዘቅዝ!» ጋቢዬን አነሡና ከእግር እስከ ራሴ ሸፈኑኝ። «ብርድ በራስ ነው የሚገባው» ብለው ፊቴንም ጨመሩት። ከዚያ መኪናዋን ወደ ጅረቱ ለማስጠጋት ዘነበን አስከትለው እየሮጡ ሄዱ። መኪናዋ ግን በውርጩ ደንዝዛ አልነሣ አለች። ከሁላችንም ያልተሟሟቀችው እሷ ብቻ ነበረች። እነሱ እዚያ ማዶ ሲገፏት፣ እኔ እዚህ ሜዳው መሀል ተሸፍኜ፣ ብቻዬን ተጋድሜ ቀረሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ግማሹን በጆሮዬ ሰማሁት፤ ግማሹን ሰው ነገረኝ።

በጋራው ወገብ ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ቁልቁል ሲያዩ፣ ሜዳው ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች እጃቸውን ወደ ሰማይ እያነሡ፣ ደረታቸውን እየደቁና እየዘለሉ አገኙ። በአገራችን እንዲህ የሚያደርግ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የደረሰበት። «ምን መርዶ ቢመጣባቸው ነው?» እየተባባሉ ሲያዩ፣ ቄስ መጥተው፣ ጠጋ ብለው፣ አናግረው፣ ባርከው ሄዱ። እነሱም «ፍታት ነው» አሉ። ቀጥሎ አንዱ ሰው ወደቀ፣ ተሸፈነም። እዚህ ላይ የሚጠራጠር ሰው ካለ ክፉ ሰው ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት እሪታ ነው። እሪታው ከጋራው ወረደ፤ ከማዶ መንደር ሌላ እሪታ መለሰለት። ከዚያ የሚሮጥ እግር፣ ከዚያ የአህያ ኮቴ፣ ከዚያ ራሴ አጠገብ የሚያለከልክ ትንፋሽ። አንዲት ሴት የጋቢዬን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ፊቴን አየች። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

«ውይ በሞትኩት! የእማማ ትርንጎ አማች ነው! ያ ቁልፍ ሰጪው!»

«አልሞትኩም» ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን ነገሩን በእኔ ቦታ ሆናችሁ እዩት። መጀመሪያ፣ ወገቤ ቃል አላወጣ አለኝ። ቀጥሎ፣ ትንፋሼ ትንሽ ሲመለስልኝ፣ ቁምጣውን አስታወስኩ። ሕያው መሆኔ ከታወቀ ጋቢው ይገለጣል፤ ጋቢው ከተገለጠ የብልባላ ገበያ በሙሉ ጉልበቴን ያያል። ጋሽ መስፍን እስኪመለሱ ትንሽ ልታገሥ ብዬ አሰብኩ። ትንሽ መሞት ምን ይጎዳል?

ለቅሶው ደመቀ። የማያውቁኝ ሰዎች አለቀሱልኝ። አንዱ ሰውዬ «ምን ዓይነት ደግ ሰው ነበር!» ሲል ሰማሁት፤ ድምፁን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሌላዋ «ስንት ልጅ ነው ጥሎ የሄደ?» ብላ ጠየቀች፤ የሚያውቅ ሲጠፋ ሰዎቹ ተነጋግረው በርከት ያሉ ልጆች ሰጡኝ።

ድንገት ሁሉም ጸጥ አለ። መንገድ ሲለቀቅ ሰማሁ። አረማመዳቸውን ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ፤ እማማ ትርንጎ ናቸው። ገበያ ሲሄዱ ነው መርዶው መንገድ ላይ የደረሳቸው። ጋቢው ሥር ሆኜ ቁምጣዬን ወደ ታች ለመሳብ ሞከርኩ፤ ወገቤ ከለከለኝ። እማማ ትርንጎ አጠገቤ ቆሙ። መጀመሪያ የሚሉኝን ጠብቄ ነበር፤ «አይ፣ ይሄስ ድሮም…» የሚሉ መስሎኝ። እሳቸው ግን ከጉሮሯቸው ሥር ተነሥቶ በማላውቀው ድምፅ እንዲህ አወረዱት፦

«አማች ነው እያልኩኝ ስቆጥረው እንደ ባዳ፣
ልጄ ኖሯል ለካ ያጣሁት በሜዳ።»

ሕዝቡ «ዋይ! ዋይ!» አለ። እኔም ከጋቢው ሥር እንባዬ መጣ። በሕይወቴ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ልጄ! እኔን ነው እኮ! ቄሱን አይደለም፣ ጎበዜን አይደለም። ቁምጣውንም፣ ወገቤንም፣ ጎልፉንም ረሳሁ። ትንፋሼን ይዤ የሚቀጥለውን ጠበቅሁ። የሞተ ሰው ልዩ ጥቅም አለው፤ ነገር የሚያቋርጥበት የለም ብዬ ነበር። እማማ ትርንጎ ደረታቸውን ደቁና ሁለተኛውን ጀመሩ፦

«በቁምህ እያለህ ያልነገርኩህ እኔ፣»

ጆሮዬን አቀናሁ። እዚች ላይ የመምሬ ካሳ ድምፅ መጣ። እሪታውን ሰምተው ከመንገዳቸው ተመልሰው ኖሯል።

«እኔ ነግሬው ነበር!» ይላሉ እያለከለኩ። «በጾም ሆድ አታብዛው ብዬው ነበር! አይ ይሄ ልጅ፣ እንደተጣጠፈ ሊደርቅ ነው እኮ! ያዙልኝ፣ ሳይደርቅ እናቃናው!»

የእማማ ትርንጎ ግጥም ሁለተኛው ስንኝ ምን እንደነበር አልሰማሁም። ምክንያቱም አንድ ጉልበታም ሰው ትከሻዬን ያዘ፣ መምሬ ካሳ ሁለት ቁርጭምጭሚቴን ያዙ፣ «በስመ አብ» አሉና ሳቡ።

የጠፋው ድምፄ ያኔ ተመለሰ። ሙሉውን ተመለሰ። ጅረቱ ማዶ መኪና ይገፉ የነበሩት ጋሽ መስፍን እንደ ሰሙት ነግረውኛል። ለቀስተኛው «ተነሣ! ተነሣ!» እያለ ተበተነ። አንዲት ገብስ የተጫነች አህያ ጭነቷን እንደያዘች ወደ ጋራው ፈረጠጠች። ትከሻዬን የያዘው ጉልበታም ሰው የት እንደደረሰ አላውቅም። መምሬ ካሳ አልሸሹም፤ ግን እግሬን ለቀው መስቀላቸውን ወደ እኔ አቅንተው ቆሙ።

እማማ ትርንጎ ንቅንቅ አላሉም። ጋቢዬን ከፊቴ ላይ ገፈፉት።

«ማነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«አልሞትክም?»

«አልሞትኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እንባቸው ገና በጉንጫቸው ላይ ነበር። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታች ሄደ። ስጮህ ጋቢው ተገልጦ ኖሮ ሁሉ ነገር በፀሐይ ላይ ነበር።

«ሱሪህን ማን ወሰደው?»

«ጎልፍ ነው፣ እማማ።»

ምን እንደመሰላቸው አላውቅም፤ የሰው ስም ሳይመስላቸው አልቀረም። «እጁ ይቆረጥ» አሉ። ኩታቸውን ከትከሻቸው አውልቀው እግሬ ላይ አለበሱኝና፣ ለተበተነው ሰው ጮኹ፦ «ኑ እንጂ! ሰው እኮ ነው! ለሬሳ መጥታችሁ ለሕያው ትሸሻላችሁ?»

ሰው አፍሮ ተመለሰ። ሁለት አጣና መጣ፤ ጋቢዬ በመሀሉ ተወጠረና ወሳንሳ ሆነ፤ ተሸክመውኝ ወደ ብልባላ ጤና ጣቢያ አቀኑ። ጋሽ መስፍንና ዘነበ መኪናዋን ትተው ደረሱብን። ጋሽ መስፍን ተራ ይዘው ከፊት ተሸከሙ፤ ላብ በላብ ሆኑ። እማማ ትርንጎ አጠገቤ ይሄዳሉ። የገበያ መንገድ ነውና ያገኘን ሁሉ ጭነቱን እያወረደ፣ ነጠላውን እያዘቀዘቀ «ነፍስ ይማር፣ ማን ነው?» ይላል።

«አልሞተም! ወገቡ ነው!» ይላሉ እማማ ትርንጎ።

«በምን?»

«በጨዋታ!» ይህን ሲሉ ድምፃቸው የሚቀንስ ይመስለኛል።

ጤና ጣቢያ ነርሷ መርፌ ወጋችኝና «ምን ሲሠራ ነው?» አለች። ጋሽ መስፍን «ወገቡን እንዳይቀጭ ሲሟሟቅ» ብለው በቅንነት መለሱላት። ግቢው በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። ያን ያህል ሰው ሥራ ፈትቶ፣ አልቅሶ፣ ተሸክሞ ሳይቀምስ አይመለስም ተባለና፣ ዘነበ ለምሳችን የተያዘውን የጾም ምግብ ከመኪናው አምጥቶ ለሁሉም አዳረሰ። ስድስት ሰዓት አልፎ ነበርና ሰው በላ፤ ምግቡ ለአልቃሹ ሁሉ በመብቃቱ ዘነበ በጣም ተደነቀ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የእኔን ተዝካር እኔው ጥግ ላይ ተጋድሜ በላሁ።

መኪናዋ በፀሐይ ተሟሙቃ ተነሥታ ስንመለስ፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ላሊበላ ገብቶ ነበር። የሺ ጥቁሯን ለብሳ፣ ጎረቤት አስከትላ መንገድ ስትጀምር ነው የደረስንላት። ስታየኝ መጀመሪያ አቀፈችኝ፤ ቀጥሎ ወገቤን መታችኝ። ሆቴል ደግሞ አባ ይመር ግማሹን በር ዘግተው፣ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እንኳን ደህና መጡ። ኃላፊያችን አርፏል። ምን ልታዘዝ?» ሲሉ ነበር የዋሉት።

የጎልፉ ነገር በዚያው ቀረ። ጋሽ መስፍን ተስፋ አልቆረጡም ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ተመልሰው ሌላ አንድ ጠዋት ለመኑ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው «አይሆንም» አሉ። የተለቀሰበት ሜዳ ነው፤ ቁም ለቅሶ ለተቆመበት መሬት ጨዋታ ነውር ነው። ሰውዬው አልሞተም እኮ ቢሏቸው፣ «እሱ የራሱ ጉዳይ ነው፤ እኛ አልቅሰናል» አሉ። ክፍሉ ሳይቋቋም ፈረሰ፤ ዘነበም እኔም ሳንሾም ቀረን። የገና እንግዳ መጣ፣ በጠባብ መንገድ ላይ ከምዕመኑ ጋር ተጋፋ፣ ውኃ ጠፋበት፣ ተመሰጠ፣ ሄደ።

እኔ ግን ገናን በአልጋ ነው የዋልኩት። እማማ ትርንጎ ከብልባላ ድረስ የተነጠረ ቅቤ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ፤ ለወገቤ ማሻ ነው። አልጋዬ አጠገብ ተቀመጡ። ስለ ቁልፍ አልጠየቁኝም። ስለ ከብቶቹ አወሩልኝ፤ አህያዋ ገብሱን እንደያዘች ባለቤቷ ደጅ መገኘቷን ነገሩኝ። የሺ ቅቤውን ልታሞቅ ወጣ ስትል አንጀቴ አልችል አለ።

«እማማ» አልኳቸው።

«ወይ።»

«ያቺ ሁለተኛዋ ግጥም… ግማሿን ነው የሰማሁት።»

«የቷ?»

«በቁምህ እያለህ ያልነገርኩህ እኔ ያሉት። ከዚያ መምሬ ሳቡኝ።»

የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እያሻሹ ወደ መስኮቱ አዩ። ተቆጡ ብዬ ፈራሁ። አፋቸው ዳር ላይ ያየሁት ግን ቁጣ አይመስልም ነበር።

«እሱ ለሬሳ የሚባል ነው» አሉ። «ስትሞት ትሰማዋለህ።»

«እርስዎ ከቀደሙስ?»

ይህን አላሰቡትም ነበር። ዘወር ብለው አዩኝ፤ ከራስ እስከ እግሬ አይደለም፣ ፊቴን ብቻ።

«እንግዲያማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንተ ትጨርሰዋለህ።»

ከዚያ ወደ ጓዳው በኩል ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «የሺ! ቅቤው ሳይረጋ አምጪው እንጂ፣ ልጄ ወገቡን ሊታሽ ነው።»